ተጠየቅ፣ ወረቀት

ተጠየቅ ወረቀት፣ ቁም ከችሎቱ ፊት፣
ስምህ ምስክር ነው፣ ተናገር በእውነት።
መች ነበር ያየኸው ግድብ ስድስትን?
በየትኛው እግርህ ወጣህ ዳገቱን?
ዝቃጩ ሲላወስ ከአፈሩ ሥር ገብቶ
ጆሮህ ሰማው፣ ወይስ ዝም አለ ተኝቶ?

ቫርዤም ፉንዳ ይሏታል፣ በብራዚል ናት ቤቷ፤
ብረት ነው ጋራዋ፣ ዝገት ነው ጅረቷ።
ኩባንያው ብረቱን በባቡር ሲጭነው
አተላው ነው ለእሷ ከራስጌዋ የቀረው፣
ከራስጌዋ በላይ፣ ሰማንያ ሜትር ቁመት፣
ሣር የበቀለበት፣ ላም የምትግጥበት፤
ለማያውቅ ኮረብታ፣ ለሚያውቅ ጎርፍ ነው የቆመ፣
እግሩ ውሃ ያዘለ፣ ሆዱ የታመመ።

ዶና ዙልሚራ ጎመኗን ስትኮተኩት
በበጋ ምንጭ አየች፣ ምንጭ ባልነበረበት፣
ቀላ ያለ፣ የሚያዥ፣ እንደማይደርቅ ቁስለት።
ለልጇ ነገረችው፤ ዠኔዚዮ ለአለቃው፤
አለቃው ኢሜይል ጻፈ፤ ኢሜይሉን ማን አየው?
«ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ፣ ከነቁጥሩ፤
አፈር አምጥተው ምንጯን ደፈኑ፣ ሄዱ፣ ተሻገሩ።

ኢንጂነር ኤቫንድሮ ቁጥሩን ያውቀው ነበር፤
ሕጉ አንድ ነጥብ ሦስት ሲል፣ የእሱ ስሌት የሚያድር
አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት ላይ።
ደግሞ ቀመረ፤ ያው አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት።
ሦስት ሌሊት እንዲህ። በአራተኛው ሌሊት
ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ትሁት፣ ማር የተቀባ፦
«ኤቫንድሮ ወዳጄ፣ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ገባ?
ጎበዝ ልጅ ነው። ብቻ ውላችን በመጋቢት ያልቃል፤
ሌላ መርማሪ ድርጅትም ደጃችን ላይ ቆሟል።»
ያ ብቻ። ማስፈራሪያ የለ፣ ጉቦ የለ፣ ቁጣ የለ።
ጠዋት ቀመሩን ለወጠ፤ አፈሩ ጠነከረ፣ ውሃው ጎደለ፣
በወረቀት ላይ።

ፈረመ።

በእኛ ቋንቋ ከ«ፈረመ» እስከ «ፈረሰ» ያለው
አንድ ፊደል ነው፤ እዚያ ግን መቶ አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ሐሙስ ነበር፤ ምሳ። ዠኔዚዮ ትሪ ይዞ
ከወረፋው ቆሟል፣ ግድግዳ ተመርኩዞ።
የምግብ አዳራሹን የሠሩት ከግድቡ እግር ሥር ነው፤
(ይህም ተፈቅዷል፣ ገጽ አርባ ሁለት፣ በግርጌ ማስታወሻው።)
የአደጋው ደወል አልጮኸም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ጭቃ የዋጠው
እሱን ነው።
የተረፉት እንዲህ ይላሉ፦ መጀመሪያ ዛፎቹ ተራመዱ፤
ከዚያ የባቡር ፉርጎዎች እንደ ቅርፊት ተንሳፍፈው ወረዱ።
ጥቁሯ ቅድስት ኤፊጄኒያ፣ ከእኛ ምድር ናት የሚሏት፣
በጸሎት ቤቷ ቆማለች፤ ጭቃው ወገቧ ላይ ነው የተዋት።

ተጠየቅ ወረቀት፣ ያን ዕለት የት ዋልክ?
በላስቲክ ተጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ ነበርክ፤
ዛሬም ከችሎቱ ነጭ ሆነህ ቀረብክ።
ኩባንያው፦ «መርማሪው ነው የፈረመ»፤
መርማሪው፦ «በሰጡኝ ቁጥር ነው»፤ መንግሥት፦ «ማኅተሙን አምነን»፤
ሁሉም ጣት ዞሮ ዞሮ አንተ ላይ ቆመ።
አንተን ደግሞ ማን ያስርሃል? ወረቀት አንገት የለው።
ዳኛው መነጽራቸውን ጠረጉ። ቀጠሮው ለሚያዝያ ነው።

ዙልሚራን ከአስከሬን ክፍሉ ጠሯት፣ በሰባተኛው ወር።
ሣጥኑ ትንሽ ነበር፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ነገር።
ጸሐፊው ቅጽ ዘረጋ፦ «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እናቴ፤
‹የልጄን አስከሬን ሙሉውን ተረክቤአለሁ› ነው የሚለው።»
እስክሪብቶውን አስቀመጠች።
«አንብብልኝ» አለች። አነበበ።
«ድገመው።» ደገመ።
«ሙሉ ማለት ምንድን ነው?»
ጸሐፊው አቀረቀረ። ከኋላዋ ሰልፉ ረዝሟል፤
ማራገቢያው እየተንቋቋ ይዞራል።
«ክፈተው፣ ልጄ» አለች፣
«ያላየሁትን አልፈርምም።»